ሁለት ትርፍ አፍ

ኢስሃቅ በዚያች መዘዘኛ የገበያ ቀን የማጉያውን ማጥፊያ አንዴ ቢጫን ኖሮ፣ ሐይቅ ከተማ ዓመት ከመንፈቅ ያየችውን ጉድ ባላየች። ግን አልተጫነም።

ከገበያው ዳር ሻይ ቤት ነበረው። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ኢስሃቅ በደህናው ዘመን ከደሴ የገዛቸውን ሁለት የብረት ጡሩምባዎች እዚያ ላይ ሰቅሎ፣ ሽቦውን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከባንኮኒው ሥር ካለው ማጉያ ጋር አገናኝቶታል። ማጉያው የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። አንደኛው ጡሩምባ ወደ መኪናው መንገድ ያያል፤ ሌላው ወደ አምባሰል ወደሚያወጣው ኮረብታ። በገበያ ቀን ሸክላ ያጫውታል፤ በሸክላው መሀል የጠፋች አህያ ምልክት፣ የሞተ ሰው ስም ከነቀብሩ ሰዓት፣ ትኩስ ዓሣ ማን ዘንድ እንደገባ ይናገራል። ሬዲዮ የሚባለውስ አዲስ አበባም አለ። ነገር ግን የአዲስ አበባው ሬዲዮ አንድም ቀን የአህያ ጆሮ ተሰንጥቋል ብሎ ተናግሮ አያውቅምና፣ ለሐይቅ ሰው ጣቢያ ማለት የኢስሃቅ ዋርካ ነበር።

የሻይ ቤቱን ዳቦ የምትጋግረው ሚስቱ አሚናት ናት፤ ያምባሰል ልጅ። ድፎዋ የታወቀ ስለሆነ መንገደኛው ከአውቶቡስ ሲወርድ "ሻይ አለ?" አይልም፤ "አሚናት አለች?" ነው የሚል።

በዚያች ቀን መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ባንኮኒው ላይ ካለው ማይክራፎን አጠገብ ተቀምጠዋል። ኢስሃቅን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ዓሣ ያመጣላቸዋል፣ እሳቸው ሀሁ ይሉታል፤ ዓሣው ሲያልቅ ፊደሉም አለቀ። ኢስሃቅ የአንዲት ቦራ አህያ ምልክት ተናግሮ ሲጨርስ፣ መሪጌታ እጃቸውን ወደ ዳቦው ሰደዱ። ማጥፊያውን ረሳና ሊያስቃቸው ፈለገ።

"ኧረ ይተዉት መሪጌታ! ጥርስዎ ለዜማ ያስፈልጋል። የአሚናትን ዳቦ ዓሣ አጥማጆቹ የሚገዙት እኮ ለመረብ ማስጠሚያ ነው!"

መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ከዋርካው ላይ ተመልሶ ሲመጣ ግን ቀና ብለው ዋርካውን አዩ።

"ኢስሃቅ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያ ላይ የሚስቀው እኔ ነኝ?"

 በርበሬ ሻጩም፣ ጨው ሻጩም፣ ፍየል ነጂውም ባንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። ቀትር ሳይሆን አንዱ አጥማጅ በር ላይ ቆሞ "የሚሰምጠው ዳቦ አለ?" ሲል ጠየቀ።

አሚናት ከጓዳ ወጣች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። ኢስሃቅን አየችው። የእርሾዋን ማሰሮ ከነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ወንድሟ ኑርዬ ቤት ሄደች። የአንዲት ባለሙያ ሴት እርሾ ከቤት ወጣ ማለት እሳቱ ወጣ ማለት ነው። ሻይ ቤቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ባዶ ሻይ ሸጠ።

በሦስተኛው ቀን ኢስሃቅ ሽማግሌ ላከ፦ መሪጌታንና ሼህ ዘይኑልአቢዲንን። እነሱም መልስ ይዘው ወረዱ።

"ኒካሄን አላፈርስም ብላለች፣" አሉ ሼሁ። "ግን 'በሁለት አፍ አዋርዶኛል፤ በሁለቱም አፍ ይካሰኝ። የጓዳ ይቅርታ አልሻም፤ ገበያው ውርደቴን እንደሰማ፣ ይቅርታውንም ይስማ' ትላለች።"

"እውነቷን ነው፣" አሉ መሪጌታ፣ ከሳቁ ድርሻ ስላላቸው ዓይናቸውን መሬት ተክለው።

ኢስሃቅ በደስታ ዘለለ። ይሄ ነው እንዴ? በመጪው ገበያ አንድ አረፍተ ነገር ተናግሮ ሚስቱን ማምጣት! የሚለውንም በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ።

ገበያው ሁለት ቀን ሲቀረው ፈንታሁን መጣ።

ፈንታሁን የቀበሌ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከተመረጠም በኋላ ሜትሩን ካንገቱ አላወረደም። ጊዜው ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው። ለአዲሱ ሊቀመንበር የሚወረስ ነገር አልተረፈለትም። እንዲሁ ሲያስብ ቀና ብሎ ዋርካውን አየ።

"ጓድ ኢስሃቅ፣ የትርፍ ቤቱ አዋጅ ምን ይላል?"

"ለአንድ ሰው አንድ ቤት።"

"ቤት ለምንድን ነው?"

"ለመኖሪያ።"

"አፍስ?"

"ለመብያ... ለመናገሪያም።"

"ስንት አፍ አለህ?"

"አንድ ነዋ!"

"ቁጠር፣" አለና በሜትሩ ጫፍ ወደ ዋርካው ጠቆመው።

ኢስሃቅ ቀና አለ። ከላይ ቢጀምረውም፣ ከታች ቢጀምረውም ሦስት ነው የሚመጣ።

"ሁለቱ ትርፍ ናቸው፣" አለ ፈንታሁን በሐዘን።

"በአላህ፣ ጓድ ሊቀመንበር! ጆሮም እኮ ሁለት አለኝ!"

"ጆሮ ሌላ ነው። ሰሚ ቢበዛ አብዮቱ አይቃወምም።"

ጡሩምባዎቹን በሜትር ለካቸው፤ ቃለ ጉባኤም ተጻፈ፦ "ሁለት ትርፍ አፍ፣ ቁመታቸው ዘጠና ዘጠና ሳንቲ ሜትር፣ ከነጉሮሯቸው ሽቦ ተረክበናል።" ኢስሃቅ በዚያ በተዋበ እጅ ጽሑፉ ከሥር ፈረመ። ይህን ፊርማ ልብ ማለት ነው፤ ኋላ ይመጣል።

ማጉያውን ግን ከኢስሃቅ በቀር ማንም ሊያናግረው አልቻለም። ግራ ጎኑን በጥፊ ካልመቱት አይነሳም፤ ጥፊውም ልክ አለው። ፈንታሁን መታው፣ ጸሐፊው መታው፣ ዘበኛው ሳይቀር መታው፤ ጭጭ። ስለዚህ ኢስሃቅ ባለሙያ ተብሎ እዚያው ቀረ፤ መመሪያም ተሰጠው፦ "አብራ፣ አጥፋ፣ አትናገር።"

ጣቢያው የቀበሌው ድምፅ ሆነ። ሸክላው ቀርቶ የሰልፍ ዘፈን መጣ። በዘፈኑ መሀል የስብሰባ ጥሪ አለ፤ በስብሰባው ደግሞ ስለ ጥሪው ይወያያሉ። አህያ የጠፋባት ሴት ብትመጣ "የግል ንብረት ነው" ተብላ ትመለሳለች። አንዲት ተሾመች የምትባል ብልህ ባልቴት ብቻ "ከምርት ግንባር የተለየች አህያ" ብላ አጽፋ ተነበበላት፤ አህያዋም በማግስቱ ተገኘች።

ኢስሃቅ ይህን አይቶ እሱም ይቅርታው እንዲነበብለት ማመልከቻ ጻፈ። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ከጧት እስከ ቀትር መከረበት።

"ማመልከቻህ ምንም አይወጣለትም፣" አለው ፈንታሁን። "ግን አንተና አሚናት ሁለት ሰው ናችሁ። ሁለት ሰው ሰፊው ሕዝብ አይባልም። ስለዚህ አሻሽለነዋል።"

በገበያው ቀን ኢስሃቅ ማጉያውን በጥፊ አስነሳ፤ ፈንታሁን አነበበ፦ "ሰፊው የሐይቅ ሕዝብ ለጭቁን ዳቦ ጋጋሪዎች በሙሉ የተሰማውን ጸጸት ይገልጻል!" ሕዝቡ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አጨበጨበ። ማታ ከኮረብታው የወረደ ገበያተኛ የአሚናትን መልስ አመጣ።

"ሰፊው ሕዝብ ምን አደረገኝ? የኔ በዳይ ስም አለው፤ ኢስሃቅ ይባላል ብላሃለች።"

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ሲጠባ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያው የአሚናት ወንድም ኑርዬ፣ ሦስት ገበሬ አስከትሎ ቀበሌ ገባ።

"ጡሩምባው የናንተ ነው፤ አንጣላም፣" አለ ኑርዬ። "ዋርካው ግን ሥሩ ያለው በኛ መሬት ነው። መሬት ደግሞ ለአራሹ ነው።"

ፈንታሁን ሜትሩን አወጣ። ሥሩን እየተከተለ ለካ፤ እውነትም ሁለት ክንድ ያህል የገበሬው መሬት ውስጥ ገብቷል። ነገሩ ከረረ፤ አውራጃ ደረሰ፤ አውራጃውም ሰው የሚያስታርቅ መስሎት አካፈላቸው። ወደ መንገድ የሚያየው ጡሩምባ የቀበሌ፣ ወደ ኮረብታው የሚያየው የገበሬ ሆነ። ማጉያው አንድ ስለሆነ በየግማሽ ሰዓቱ ይፈራረቃሉ።

የገበሬው ሰዓት ሲደርስ ኑርዬ ማይክራፎኑ ፊት ይቀመጣል። ኑርዬ ደግሞ ወሬ የማይወጣው ሰው ነው። "እህ..." ይላል። ይተነፍሳል። ኮረብታው ሁሉ ትንፋሹን ይሰማል። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ "እንግዲህ... ዝናቡ ደህና ነው፣" ይላል። ከዚያ እንደገና ትንፋሽ። ሽማግሌዎች ይህን ስርጭት ወደዱት፤ "ከዚያኛው ይሻላል፣ ቢያንስ አይቆጣም" እያሉ እንቅልፍ ይወስዱበታል።

አንድ ቀን ኢስሃቅ በትንፋሹ መሀል ማጥፊያውን ተጫነና ጠጋ አለ።

"አያ ኑርዬ፣ የኮረብታው አፍ ባንተ እጅ ነው። አንዴ ብቻ ልናገርበት። የእህትህን ትዳር ጠግን።"

ኑርዬ ጢሙን አሻሸ። ባንድ ዓመት ውስጥ ሸሚዙ ሆዱ ላይ ጠቦታል።

"ኢስሃቅ ወንድሜ፣ ሀቁን ልንገርህ?"

"ንገረኝ።"

"ዳቦዋ ይጥማል፣ ወላሂ።"

"እና?"

"እናማ፣ አትቸኩል።"

ኢስሃቅ ነገሩ ገባው። አማቹ የበላው ዳቦ አፉን ዘግቶበታል። እቤቱ ገብቶ ያችን የጻፋትን ወረቀት አወጣት፤ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ተቀድዳለች።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣው በዚህ መሀል ነው፤ ሐምሌ ሰባ አንድ። "በየአካባቢው ያለ ማንኛውም ድምፅ ማጉያ ለዘመቻው ይዋል" የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ቀበሌውም ገበሬውም ጡሩምባቸውን ለመምህርት ጸዳለ አስረከቡ። ጸዳለ ከደሴ የተላከች፣ መነጽሯን በእጇ ጀርባ የምትገፋ፣ ስቃ የማታውቅ ወጣት ናት። ጣቢያው እንደገና ዞረ፤ ከጧት እስከ ማታ ፊደል ብቻ ሆነ። በቅሎዎች ሳይቀሩ በ"ሀ" ይነሱ፣ በ"ፐ" ይቆሙ ጀመር።

ጸዳለ በማይክራፎኑ እንዲህ ስትል ኢስሃቅ ሰማ፦ "በምረቃው ዕለት ከየማስተማሪያ ጣቢያው የተመረቀ ሁሉ፣ የከተማውም የኮረብታውም፣ እዚሁ ገበያ ተሰብስቦ ራሱ የጻፈውን አንድ አረፍተ ነገር በሁለቱም ጡሩምባ ያነባል!"

በሁለቱም ጡሩምባ! ኢስሃቅ ጥፊውን እንኳ ረስቶ ወደ ቀበሌ ሮጠ።

"መሃይም ነኝ፤ መዝግቡኝ።"

ፈንታሁን ከወረቀቱ ቀና አለ። የቀበሌው ኮታ መቶ መሃይም ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ አግኝቶ መቶኛውን ሲፈልግ ሁለት ሌሊት አልተኛም። ኢስሃቅን አየው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ባለውብ ፊርማ ቃለ ጉባኤ ትዝ አለችው። ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው።

"ጨርሶ አታውቅም?"

"ጨርሶ።"

"አላህ ይስጥህ፣" አለ ፈንታሁን፤ እሱ ክርስቲያን ነው። "በል፣ በጣትህ ፈርም።"

ሦስት ወር ሙሉ ኢስሃቅ ከተሾመችና ከሌሎች ባልቴቶች መሀል ተቀመጠ። ከተማው በሙሉ ኢስሃቅ ማንበብ እንደሚችል ያውቃል፤ የማታውቀው ጸዳለ ብቻ ናት፤ ማንም አልነገራትም። አለማወቅ ግን ከማወቅ የባሰ ከባድ ነው።

"ይህ ፊደል ማነው፣ ጓድ ኢስሃቅ?" ትለዋለች "ለ"ን ይዛ።

"ሁለት እግር ያለው ነገር ነው።"

"ማነው ስሙ?"

"እንጃ፤ ዛሬ ነው የተዋወቅን።"

በመስኮቱ በኩል መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ያያሉ። ሲወጣ ጠበቁት።

"አንተ ውርጋጥ! ያን ሁሉ ዓሣ በላሁብህ፣ ያን ሁሉ ፊደል አስቆጠርኩህ፤ ዛሬ 'ለ'ን ካድካት? የኔን ስም ነው የምታስጠፋ!"

"መሪጌታ፣ ለአሚናት ስል ነው።"

"አውቃለሁ፣" አሉ ረጋ ብለው። "ስትክድም ግን አሳምረህ ካድ። ፊደሉን በግራ እጅህ ጻፍ፤ ቀኝህ እንደሁ ያሳብቅብሃል።"

ጥቅምት ገባ፤ የምረቃው ቀን ደረሰ። ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። የኮረብታው ተማሪዎች ወረዱ፤ ከነሱ መሀል አሚናት ነበረች፣ መሶቧን በጨርቅ ሸፍና። ለካ እሷም ባለፈው ሦስት ወር እዚያ ላይ ፊደል ስትቆጥር ከርማለች፤ እሷ ግን ከልቧ። ኢስሃቅ ባያት ጊዜ ማጉያውን ሁለት ጊዜ መታው፤ አንደኛው ለራሱ ነበር።

ተሾመች ተነስታ "አህያዬ ደህና ናት" ብላ አነበበች፤ ተጨበጨበ። ከዚያ የኢስሃቅ ተራ ሆነ። ያችን ዓመት ከመንፈቅ የተሸከማትን ወረቀት ዘረጋ።

"አሚናት፣ ዳቦሽ ይጥማል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝና አፉ በይኝ።"

ቃሉ በመንገዱ ጡሩምባ ነጎደ። የኮረብታው ግን "ምፍፍፍ" አለ።

"አንዱ አፍ አልተናገረም!" ብላ ጮኸች አሚናት።

ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ከጡሩምባው አፍ የጆንያ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ ኑርዬ ዞረ። ኑርዬ ሰማዩን አየ።

"ዝናቡ..." ብሎ ጀመረ።

"ኑርዬ፣" አሉ ሼህ ዘይኑልአቢዲን፣ "ውጣ።"

የገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ያ ሁሉ ዳቦ ባሰፋው ሰውነቱ ዋርካውን እየቧጠጠ ወጣ። ጆንያውን መዘዘ። ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ፣ "እናንተም እኮ ብትቀምሱት እንዲሁ ታደርጉ ነበር!" አለ። ድምፁ ማይክራፎን ሳያስፈልገው ኮረብታው ደረሰ። ባንድ ዓመት ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ነገር እሱ ነው።

ኢስሃቅ ደግሞ አነበበ። አሁን በሁለቱም አፍ ወጣ፤ አንዱ ወደ መንገዱ ሄደ፣ ሌላው ኮረብታውን ነክቶ ተመለሰ።

አሚናት ተራዋን ጠብቃ መጣች፤ ማይክራፎኑን ያዘች፤ በጣቷ ወረቀቷን እየተከተለች፣ አንድ ባንድ፦

"ኢስ... ሃቅ... ማን... በብ... ድሮም... ያው... ቃል።"

ገበያው አውካካ። ፈንታሁን ሜትሩን ነክሶ ቀረ። ጸዳለ መነጽሯን ገፋች።

"ጓድ ኢስሃቅ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ መምህርት። ቢሆንም 'ለ'ን ካንቺ በላይ ያስተዋወቀኝ የለም።"

ጸዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱን ሰርዙት። እሷን ግን መዝግቡልኝ፤ በሦስት ወር ተምራ ሰው ማጋለጥ የቻለች ሌላ አላየሁም።"

አሚናት ጨርቁን ገለጠች። መሶቡ ውስጥ አንድ ድፎ አለ። ማይክራፎኑ አጠገብ አኖረችው።

"ይጥማል ብለሃል። ብላ።"

ኢስሃቅ ቆረሰ፤ ሊቆርስ ሞከረ ማለት ይሻላል። እጁ አልቻለውም። ባፉ ያዘው፤ ነከሰው፤ በሁለቱ ጡሩምባ "ቋ!" የሚል ድምፅ ወጥቶ እርግቦች ከዋርካው ተነሱ። አሚናት አውቃ፣ ያለ እርሾ፣ ሁለት ቀን ያደረቀችው ነበር። ይህኛውስ እውነትም መረብ ያሰጥማል። ኢስሃቅ አኘከ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ያኔ በር ላይ ቆሞ የቀለደው አጥማጅ መንጋጋውን ያዘ። ገበያው እስከ መጨረሻው ጉርሻ አዳመጠ።

"ጥርስህ ደህና ነው?" አሉ መሪጌታ።

ኢስሃቅ እንባው ቅርር ብሎ ዋጠ። ማይክራፎኑን ጠጋ አለ።

"ይጥማል፣" አለ።

አሚናት አየችው። ከንፈሯ ዳር ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። መሶቧን አነሳች፤ ውስጡ፣ ከድፎው ሥር ተደብቃ የቆየች የእርሾዋ ማሰሮ ነበረች። እሷን አቅፋ ወደ ሻይ ቤቱ ጓዳ አመራች።

ኢስሃቅ ተከተላት። ደፉ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከፍቶ ቆመ። ዞር ብሎ ተመለሰ፤ ወደ ባንኮኒው ሄደ፤ ማጥፊያውን ተጫነ። እንዳይነሳ ደግሞ ተጫነው። ከዚያ ገብቶ ነገራት።

ምን እንዳላት ሐይቅ እስከ ዛሬ አያውቅም። መሪጌታ ብቻ በሩ አጠገብ ነበሩ፤ ሲጠይቋቸው አልሰማሁም ይላሉ፤ ግን ይስቃሉ።